የጌሙ ግማሽ ሣጥኑ ነው

በ1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሰኒቬል በምትባል ከተማ፣ «አንዲ ካፕስ» ወደሚባል መጠጥ ቤት አንድ የእንጨት ሣጥን ገባ። በውስጡ ከሱቅ የተገዛ ተራ ጥቁርና ነጭ የሂታቺ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ከፊቱ ሁለት የሚዞሩ መዘውሮችና አንድ የሳንቲም መቀበያ አሉት። ሣጥኑን በእጁ የሠራው ቴድ ዳብኒ ነበር። ከኖላን ቡሽኔል ጋር አታሪ የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው ያው ሰው ነው። ሰርኪዩቱን የሠራው ደግሞ አላን አልኮርን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ሲሆን፣ ሥራውም የተሰጠው እጁን እንዲያፍታታበት እንጂ ለገበያ ታስቦ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙም ሳይቆይ ከመጠጥ ቤቱ «ማሽኑ ተበላሽቷል» የሚል ጥሪ መጣ። አልኮርን ሄዶ ሲከፍተው የተበላሸ ነገር አላገኘም። የሳንቲም ማጠራቀሚያው ሞልቶ ስለፈሰሰ መቀበያው ታንቆ ነበር። ጌሙ ፖንግ ነው። የቪዲዮ ጌም ንግድ በዓለም ላይ እንዲስፋፋ ያደረገው ሥራ እንዲህ ከሱቅ ቴሌቪዥንና ከአናጺ እጅ ነው የተነሣው። ያ የመጀመሪያ ሣጥን ዛሬ ማውንቴን ቪው በሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ስለዚህ በዛሬው ጊዜ አንድ ሰው በጋራዡ ወይም በበረንዳው ኤምዲኤፍ የተባለውን የተጨመቀ ጣውላ ቆርጦ፣ ቁልፍ ገጥሞ፣ ስክሪን አስገብቶ እንደ ፖንጉ ያለ የራሱን የአርኬድ ሣጥን ሲሠራ፣ እንደ አላዋቂ ቅጂ ሠሪ ሊታይ አይገባም። የሙያው መነሻ ይኸው ነው። ከዚያም አልፎ እነዚህ የቤት ሠሪዎች ኩባንያዎቹ ችላ ያሉትን አንድ ትልቅ ሥራ እየሠሩ ነው፦ የጌሙን ሌላ ግማሽ ከመጥፋት እያዳኑ ነው።

የጌም ግማሹ ፕሮግራሙ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሰውየው የሚቆምበት፣ የሚይዘውና የሚመታው አካል ነው። ይህን ለማየት የታወቁትን ጌሞች አንድ በአንድ ማንሣት ይበቃል።

የናምኮው ቶሩ ኢዋታኒ በ1980 ያወጣው ፓክ ማን ለጨዋታው አንድም ቁልፍ የለውም። ያለው አንድ ጆይስቲክ ብቻ ነው፤ እሱም በአራት አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። በስምንት አቅጣጫ የሚሄድ ዘመናዊ ጆይስቲክ ሲገጠምለት እጅ ሳይታወቀው ወደ ሰያፍ ያዘነብላል፤ ሁለት ስዊቾች በአንድ ጊዜ ይነካሉ፤ ቢጫው ፓክ ማንም መታጠፊያው ላይ ያመነታል፣ መንፈሶቹም ይደርሱበታል። ተጫዋቹ ራሱን ይወቅሳል እንጂ ጥፋቱ የጆይስቲኩ ነው። በ1981 ዶና ቤይሊ ከኤድ ሎግ ጋር ለአታሪ የሠራችው ሴንቲፒድ ደግሞ ጆይስቲክ አይፈልግም፤ በመዳፍ የሚንከባለል ትራክቦል ይፈልጋል። ያንን ጌም በኮምፒውተር ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ሌላ ጌም እየተጫወተ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉም የሚደንቀው የቶሞሂሮ ኒሺካዶ ስፔስ ኢንቬደርስ ነው። በ1978 በወጣው የቁም ሣጥን ውስጥ ተጫዋቹ ስክሪኑን በቀጥታ አያየውም። ስክሪኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ምስሉ በመስታወት ላይ ይንጸባረቃል፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ ደግሞ የጨረቃ መልክዓ ምድር ተስሎ ይታያል። ወራሪዎቹ በጨረቃዋ ላይ የሚንሳፈፉ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ፕሮግራሙን ብቻ ወስዶ በላፕቶፕ ለሚከፍት ሰው ግን የሚመጣለት ጥቁር ባዶ ነው። ጨረቃዋ በፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረችም፤ በሣጥኑ ውስጥ ነበረች።

ፕሮግራሙን የማዳኑ ሥራ ጥሩ ሰው አግኝቷል። ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ በየካቲት 1997 ማሜ የተባለውን ሶፍትዌር የመጀመሪያ ቅጂ አወጣ። ሶፍትዌሩ የአሮጌዎቹን ማሽኖች ሰርኪዩት አሠራር በዛሬው ኮምፒውተር ላይ ይደግማል። ከሳልሞሪያ በኋላም ብዙ በጎ ፈቃደኞች ሲያሳድጉት ቆይተው በ2016 ኮዱ ሙሉ በሙሉ ነጻ በሆነ ፈቃድ ተለቀቀ። ሥራው አጣዳፊ ነበር፤ አሮጌ ቦርዶች ይሞታሉና። ለምሳሌ የካፕኮም ሲፒኤስ-2 የተባለው የ1990ዎቹ ቦርድ ጌሙን የሚፈታውን የምስጢር ቁልፍ የሚይዘው በባትሪ በሚሠራ ማኅደረ ትውስታ ላይ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ቁልፉ ይጠፋል፤ ቦርዱም ጤነኛ እንደሆነ ድዳ ሆኖ ይቀራል።

ማሜ ግን እንጨት አይቆርጥም። የጆይስቲኩን እንቅስቃሴ የሚገድበውን ማገጃ፣ የቁልፉን «ቀጭ» ማለት፣ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ የሚቆሙበትን ስፋት በዲስክ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ይህን የሚያስቀምጠው የሚሠራው ሰው ነው።

ታዲያ እንዴት ይሠራል? የመጀመሪያው ውሳኔ የእንጨት ሳይሆን የጌም ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ፓክ ማን፣ ጋላጋና ዶንኪ ኮንግ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ የቆመ ስክሪን ይፈልጋሉ። በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ደግሞ የተጋደመ ስክሪንና ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ቁልፍ ይፈልጋል። ሁሉንም ለማስተናገድ የሚነሣ ሠሪ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጆይስቲክ፣ ትራክቦልና ሃያ ቁልፍ የታጨቁበት፣ እጅ የማያርፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት ወይም ሦስት የሚወደዱ ጌሞችን መርጦ ለእነሱ በሚገባ መሥራት ይሻላል።

ከዚያ እንጨቱ ይመጣል። ብዙ ሠሪዎች 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ ይጠቀማሉ። ኤምዲኤፍ ለስላሳና ለቀለም የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ጭምብል ግድ ይላል። ኮምፔንሳቶ ይቀላል፤ እርጥበትንም ከኤምዲኤፍ በተሻለ ይችላል። የሁለቱ ጎኖች ቅርጽ ዋናው ቁም ነገር ነው። የመጀመሪያው ጎን ተቆርጦ ጠርዙ ከተስተካከለ በኋላ ሁለተኛው እሱኑ እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቅሞ ይቆረጣል፤ አለዚያ ሣጥኑ ይንጋደዳል። የቁልፎቹ ቀዳዳ እንደ ቁልፉ አገር ይለያያል፤ የአሜሪካው ዓይነት ወደ 28 ሚሊሜትር፣ የጃፓኑ 30 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። ሳይለኩ የቀደዱት ጣውላ ደግሞ መልሶ አይጠብም።

የኤሌክትሪኩ ክፍል ከሚመስለው ይቀላል። እያንዳንዱ ቁልፍና እያንዳንዱ የጆይስቲክ አቅጣጫ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ማይክሮስዊች አለችው፤ ስትጫን ሁለት ሽቦ ታገናኛለች። ቀደም ባለው ጊዜ ሠሪዎች አሮጌ ኪቦርድ ፈትተው ሽቦዎቹን በቀጥታ በሰርኪዩቱ ላይ ይበይዱ ነበር። ይህ ለአንድ ሰው ይሠራል። ኪቦርድ ግን ቁልፎቹን የሚያነበው በረድፍና በዓምድ ስለሆነ፣ ሁለት ሰዎች ሲፋለሙ ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ሲነካ አንዳንዱን ይስታል ወይም ያልተነካውን እንደተነካ ይቆጥራል። በጦፈ ግጥሚያ መሃል ምቱ የጠፋበት ተጫዋች ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን መግቢያ የሚሰጥ የኢንኮደር ቦርድ ነው፤ የእንግሊዙ አልቲማርክ የሚሠራው አይ-ፓክ በዚህ በጣም የታወቀ ነው። ጆይስቲክን በተመለከተ የጃፓኑ ሳንዋ አራት ማዕዘን ማገጃውን በ45 ዲግሪ በማዞር ከስምንት አቅጣጫ ወደ አራት ስለሚቀየር፣ ፓክ ማንንና ስትሪት ፋይተርን በአንድ ጣውላ ላይ ማስታረቅ ይቻላል።

አንጎሉን ማግኘት ዛሬ ቀላሉ ክፍል ሆኗል። ራዝቤሪ ፓይ የተባለችው የካርድ መጠን ያላት ኮምፒውተር በየካቲት 2012 በ35 ዶላር ስትወጣ ዓላማዋ ተማሪዎች ፕሮግራም መጻፍ እንዲለማመዱ ነበር። የቀድሞዎቹን የ1980ዎቹ ጌሞች ያለ ችግር ስለምታንቀሳቅስ የሣጥን ሠሪዎች ወዳጅ ሆነች።

ስክሪኑ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠፍጣፋ ስክሪን ቀላልና አደጋ የሌለው ነው። ጉዳቱ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ማዘግየታቸው ነው፤ ቁልፉ ዛሬ ተመትቶ ውጤቱ ቆይቶ የመጣ ያህል ይሰማል። ስለዚህ የኮምፒውተር ሞኒተር ይመረጣል። የድሮው ባለ ቱቦ ስክሪን ግን ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይሉ በውስጡ ይቆያል። በዚህ ያልሠለጠነ ሰው ካቻቢቴ ይዞ ሊጠጋው አይገባም።

በሠሪዎች መካከል የማያባራ ክርክር አለ። አሮጌ፣ እውነተኛ የ1980ዎቹ ሣጥን ገዝቶ፣ ሆዱን አራግፎ፣ ኮምፒውተር መክተት ተገቢ ነው ወይ? ይህ ዓምድ መልሱ አይደለም የሚል ነው። ሊጠገን የሚችል ሣጥን በፈረሰ ቁጥር የታሪኩ ማስረጃ አንድ ይጎድላል። አዲስ ጣውላ እያለ አሮጌውን ማረድ ምክንያት የለውም። ይልቅስ አሮጌውን ለክቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ቅርጹን በአዲስ ጣውላ መድገም ሁለቱንም ያኖራል። በሌላ በኩል ሶፍትዌሩ ነጻ ነው ማለት ጌሞቹ ነጻ ናቸው ማለት አይደለም። ፓክ ማን ዛሬም ባለቤት አለው፤ ኩባንያዎቹ አሮጌ ጌሞቻቸውን በሕጋዊ ስብስብ ይሸጣሉና ያንን መግዛት የሥራው አካል ሊሆን ይገባል።

ገንዘብ የለኝም ለሚል ደግሞ በ2012 የወጣው «ኬይንስ አርኬድ» የተባለ አጭር ፊልም መልስ አለው። ፊልሙ የሚያሳየው በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በአባቱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ በካርቶን ሙሉ አርኬድ የሠራ የዘጠኝ ዓመት ልጅን ነው። ስክሪን የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም። ተጫዋቹ ሲያሸንፍ ልጁ ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ ቲኬቱን በቀዳዳ ይገፋዋል። በአንድ ዶላር አራት ጊዜ፣ በሁለት ዶላር በምትሸጥ ካርድ ደግሞ አምስት መቶ ጊዜ ያጫውታል። የአምስት መቶዋ ካርድ ሐሰተኛ እንዳትሆንም በየጌሙ ላይ በተለጠፈ ካልኩሌተር በስኩዌር ሩት ያረጋግጣል። ጌም የሚኖረው በሣጥኑና በሰዎቹ መካከል መሆኑን ከዚህ ሕፃን የበለጠ ያስረዳ የለም።

የአዲስ አበባ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጆተኒ ቤት ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፦ የተሸነፈ ይወጣል፣ ተራ የያዘ ይገባል፣ ከኋላ የቆመው ደግሞ ሳይከፍል ይመክራል። ስልክ ላይ ብቻውን ያቀረቀረ ልጅ ይህን አያገኝም፤ ጌሙ አንድ ቢሆንም እንኳ። የአርኬድ ሣጥን እንደ ጆተኒ ጠረጴዛ ሰውን ዙሪያውን ያቆማል።

ለዚህ ነው ይህ ሥራ ከትርፍ ጊዜ መዝናኛ በላይ ሊታሰብ የሚገባው። በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎቻችን የእንጨት ሥራ ተማሪው ቁም ሣጥን፣ የኤሌክትሪክ ተማሪው የሰሌዳ ላይ መስመር፣ የአይሲቲ ተማሪው ኮምፒውተር ይማራል፤ ሦስቱን በአንድ ዕቃ ላይ የሚያገናኝ ሥራ ብዙ አያጋጥምም። የአርኬድ ሣጥን ግን ያገናኛቸዋል። አናጺው ጣውላውን አንድ ሳንቲሜትር ቢያጎድል ስክሪኑ አይገባም፤ የኤሌክትሪኩ ልጅ ሽቦ ቢያሳስት ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ካልተስተካከለ የሁለቱም ድካም ባዶ ሣጥን ነው። ሦስቱ ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር ተሰጥቷቸው፣ በባለቤትነት የሌላ የሆነን ጌም ሳይወስዱ ራሳቸው የጻፉትን አንድ ቀላል ጌም ይጫኑበት። ፖንግን የሚያህል ይበቃል። መጀመሪያ የመቆጣጠሪያ ጠረጴዛውን በካርቶን ይሥሩ፤ ረጅሙም አጭሩም ቆሞ እጁን ያሳርፍበት፤ የቁልፎቹ ርቀት በዚያ ይወሰን፤ ጣውላው ከዚያ በኋላ ይገዛ።