ዳዊት ከየቤቱ እንዳይወጣ

ጎሕ ሲቀድ፥ ከተማው ገና ሳይነቃ፥ በአሥመራ በእንዳ ማርያም ደጅ የሚያልፍ ሰው አንድ የቆየ ልማድ ያያል። ነጠላዋን ያጣፋች አሮጊት ከቅጽሩ በር ትደርስና ግንባሯን ከድንጋዩ ላይ ታሳርፋለች፤ ከንፈሯን ጥቂት ታንቀሳቅሳለች፤ መቃኑን ከተሳለመች በኋላ ዘንቢሏን አንሥታ ወደ ገበያ ትወርዳለች። ከእርሷ ቀጥሎ አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ኮፍያውን አውልቆ እንዲሁ ያደርጋል፤ እርሱም ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። የሚመለከታቸው የለም፤ እነርሱም ሰው እንዲመለከታቸው አይሹም።

የአንድ ክርስቲያን ሕዝብ እምነት ጥልቀቱ የሚታወቀው በየትኛው ቀን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው ጥምቀትን ወይም መስቀልን ይጠቅሳል። የእነዚህ በዓላት ክብር ከቶ የሚያጠያይቅ አይደለም። ነገር ግን በዓል ሰውን ይዞት ይሄዳል፤ ከበሮው፥ ጸናጽሉ፥ እልልታው፥ የሕዝቡ ብዛት ልቡ የቀዘቀዘውን እንኳ ያሞቀዋል። ተራው ቀን ግን እንዲህ ያለ ረዳት የለውም። ማክሰኞ በማለዳ ብቻውን ከእንቅልፉ ተነሥቶ ፊቱን የሚያማትብ ሰው የሚደግፈው ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ የተቀመጠው ሥርዓት ብቻ ነው። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ያ ሥርዓት በልቡ እንዲቀመጥ ያደረገው ማን ነበር? ዛሬስ በልጆች ልብ የሚያስቀምጠው ማን ነው?

የፊተኛው ጥያቄ መልስ አያስቸግርም። በኤርትራና በኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ማንበብን የሚማርበትና ጸሎትን የሚማርበት መጽሐፍ አንድ ነበር። ልጁ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቈጥራል፤ አቡጊዳን ይለያል፤ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን፥ ቀጥሎም ወንጌልን ያነባል፤ በመጨረሻ ወደ ዳዊት ይገባል። ዳዊትን የፈጸመ ዕለት ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሳሉ፤ መምህሩም ይመረቃል፥ ይመሰገናል። የዚያ ድግስ ምክንያት ልጁ ማንበብ በመቻሉ ብቻ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን የሚጸልይበትን ቃል በአፉም በልቡም ስለ ያዘ ነው። ከዚያ በኋላ ገበሬ ቢሆን፥ ነጋዴ ቢሆን፥ ወታደር ቢሆን፥ ዳዊቱ ከእርሱ ጋር ይኖራል። መንገድ ሲሄድ በማኅደር አድርጎ በትከሻው ያንጠለጥለዋል፤ ሲታመም ይደገምለታል፤ በሞተም ጊዜ በአስከሬኑ አጠገብ ይነበብለታል።

የመጽሐፉም አከፋፈል ለዚሁ ለዕለት ኑሮ የተመቸ ነው። 150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥር እየሆነ በ15 ይከፈላል፤ ዐሥሩም መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል። ንጉሡም ለሳምንቱ ቀኖች ይደለደላል። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል። በዚህ ላይ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አሉ፤ ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። እነዚህም ለእያንዳንዳቸው መታሰቢያ አላቸው። በነግህ ጌታ በጲላጦስ ፊት መቆሙ፥ በሠለስት መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት መውረዱ፥ በቀትር መሰቀሉ፥ በተሰዓት ነፍሱን አሳልፎ መስጠቱ፥ በሠርክ ወደ መቃብር መውረዱ፥ በንዋም በጌቴሴማኒ መጸለዩ፥ በመንፈቀ ሌሊት መወለዱና መነሣቱ ይታሰባል። ስለዚህ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ስድስት ሰዓት ሲመታ ምሳውን ብቻ አያስብም። ሥራውን ሳይተው፥ ከመቀመጫውም ሳይነሣ፥ በልቡ ወደ ቀራንዮ ደርሶ ይመለሳል። ከባሕታውያን ጋር በበረሃ መቀመጥ ለማይቻለው ሰው ቤተ ክርስቲያን ያዘጋጀችለት ጸጥታ ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ተራ ጸሎት ምን ያህል ኀይል እንዳለው የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1511 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ከተማ ካህን በሮም ሳለ፥ ከኢትዮጵያ የመጡ ተሳላሚዎች በማያውቀው ቋንቋ ሲያመሰግኑ ሰማ። ያን ጊዜ የሐበሻ መነኮሳት ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ያርፉ ነበር። የሰማው ነገር ልቡን ስለ ነካው ከመነኮሳቱ ከአባ ቶማስ ዘንድ ቋንቋውን ተማረ፤ በ1513ም በዚያው በሮም የግዕዙን ዳዊት አሳተመ። በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው። እነዚያ ተሳላሚዎች ጸሎታቸውን ያደረሱት ለማስተማር ወይም ለመከራከር አልነበረም። በቤታቸው በየቀኑ የሚያደርጉትን በሰው አገር ሳያስታጕሉ አደረጉት እንጂ። የአንድ ሕዝብ መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት የገባው በነገሥታት ደብዳቤ ሳይሆን በመንገደኞች የዕለት ጸሎት አማካይነት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ሲታለፍ ግን ነገሩ ያሳስባል። በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከተከፈተ ወዲህ፥ በኤርትራም በጣልያንና ከእርሱ በኋላ በመጡት አስተዳደሮች ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከተመሠረቱ ወዲህ፥ ማንበብን የማስተማር ሥራ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ወደ ክፍል ተዛወረ። ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ሒሳብ፥ ጂኦግራፊ፥ ሕክምናና የውጭ አገር ቋንቋ ከዳዊት አይገኙም። በኤርትራ በጣልያን ጊዜ ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት በአብዛኛው ከ4ኛ ክፍል አያልፍም ነበርና፥ የዘመናዊ ትምህርትን ዋጋ ከዚያ ዘመን ሰው ይልቅ የሚያውቀው የለም። ስሕተቱ ሌላ ነው። አንዱ መጽሐፍ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ማንበብንም መጸለይንም ያስተምር ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ሥራ ተረከበ፤ ሁለተኛውን ግን አልተረከበም፤ ሊረከብም የተቋቋመ አይደለም። ወላጆች ደግሞ ልጃቸው ማንበብ መቻሉን ባዩ ጊዜ ሁሉም የተሟላ መሰላቸው። እንዲህ ሆኖ ሁለተኛው ሥራ ባለቤት የሌለው ሆኖ ቀረ። ጸሎት ከብዙ ቤት የወጣው በጠላት ተባሮ አይደለም፤ የሚጠራው አጥቶ ነው።

በዚህ ላይ አንዳንድ የተማሩ ሰዎች የሚያነሡት ቃል አለ። እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ ጸጥ ብሎ በራስ አሳብ ማሰላሰል ይበቃል፤ የተጻፈ ጸሎት፥ የተወሰነ ሰዓት፥ የተቈጠረ መዝሙር የልጅነት ምርኵዝ ነው ይላሉ። እግዚአብሔር ልብን ማየቱን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ራሱን በእውነት የሚመረምር ሰው አንድ ነገር መመስከር ይገባዋል። ያለ ቃልና ያለ ሥርዓት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ጸጥታን ሳይሆን የራሱን ጩኸት ያገኛል። ያልተከፈለው የቤት ኪራይ፥ የትናንቱ ቅሬታ፥ የነገው ቀጠሮ በአንድነት ተነሥተው ይናገሩታል፤ የእጅ ስልኩም ካጠገቡ ሳይለይ ይጠራዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ከራስ አሳብ የተሠራ ጸጥታ በራስ አሳብ ይፈርሳል። ከአባቶች የተወረሰው ቃል ግን ሰውዬው ከመወለዱ በፊት የነበረ ስለ ሆነ፥ ከእርሱ ጭንቀት ጋር አብሮ አይናወጥም። ዳዊት ሲነበብ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ሥርዓት አለው፤ ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ተጣይ፥ ሰያፍ እየተባለ ይለያል። ይህን እየጠበቀ የሚያነብ ሰው ለመቸኰል አይችልም። መቸኰል ሲቀር ልብ ይሰበሰባል።

ሌሎች ደግሞ፥ የማይገባውን ቋንቋ መደጋገም ምን ይጠቅማል ይላሉ። ይህ ጥያቄ ክብደት አለው፤ በንቀት ሊታለፍም አይገባውም። ነገር ግን ለዚህ የመጀመሪያውን መልስ የሰጠች ራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሊቃውንቱ የግዕዙን ንባብ አንድም እያሉ በአማርኛ ሲተረጕሙ የኖሩት ምሥጢሩ ለሰሚው እንዲገባው ነው። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በካይሮ የተረጐመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 በሙሉ ታትሟል፤ በ1962ም ሌላ ትርጕም በአዲስ አበባ ወጥቷል። ግዕዙንና አማርኛውን ጐን ለጐን የያዘ ዳዊትም ይገኛል፤ በትግርኛ ማንበብ ለሚሻም መንገዱ ክፍት ነው። እንግዲህ ግዕዝ አለማወቅ ለመማር ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። በአማርኛ የገባውን ሰው ውሎ አድሮ የግዕዙ ዜማ ይጠራዋል፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ነቀፋ ግን ከቋንቋ የመጣ አይደለም። ዳዊት የደገመ አፍ ቅጥር ግቢውን ሳይወጣ ሐሜትን ሲደግም ይሰማል። ረቡዕና ዓርብን የማይሽር ሰው የሠራተኛውን ደመወዝ ሲያዘገይ ይታያል። ልጆች ይህን ያያሉ፤ ሥርዓትንም የሚጠሉት ስለ ረዘመባቸው ሳይሆን ሐሰት ስለ መሰላቸው ነው። ለዚህ ማስተባበያ አይፈለግም፤ ጥፋት ነው። ቢሆንም ጥፋቱ የሰውዬው እንጂ የመጽሐፉ አይደለም። አባቶች ምላስ፥ ዓይንና እጅ ከሆድ ጋር አብረው እንዲጾሙ ሲያስተምሩ ኖረዋልና፥ ግብዙን የሚከስሰው ከውጭ የመጣ ዳኛ ሳይሆን ራሱ የሚመካበት ሥርዓት ነው። መለኪያው የጠመመ ስላይደለ፥ በእርሱ ያልተስተካከለው ሰው ይታረማል እንጂ መለኪያው አይጣልም።

ምን ይደረግ ለሚለው፥ የሚያስፈልገው ነገር ከባድ አይደለም። ሰባቱን ጊዜያት በሙሉ መጠበቅ ለገዳም ሰው የተቻለ ቢሆንም፥ ለቢሮ ሠራተኛና ለእናት አይጠየቅም። አንድ ንጉሥ የሚበዛበት ሰው አንድ መዝሙር ይበቃዋል። ዋናው ነገር ሰዓቱ የታወቀ መሆኑና ሕፃን የሚያየው መሆኑ ነው። አባት በማለዳ ከማንም ጋር ሳይነጋገር፥ ወሬ ሳይሰማ፥ ቆሞ አንድ መዝሙር ቢያነብ፥ ልጁ ሳይነገረው ይማራል። እናት በመኝታ ጊዜ ከልጇ ጋር ብታነብ፥ ቃሉ ከእንቅልፍ ጋር ወደ ልብ ይወርዳል። በየደብሩም አሁን ድረስ ፊደልና ዳዊት የሚያስተምሩት መምህራን ሊረሱ አይገባም። ለልደትና ለሠርግ የማይሰስት ምእመን፥ ለአንድ መምህር የወር ቀለብ ከጐረቤቶቹ ጋር ማዋጣት አይሳነውም።

ኤርትራ ነፃ መንግሥት ከሆነችበት ከ1993 ወዲህ የሁለቱ አገር ቤተ ክርስቲያን በየራሱ መንበር ይተዳደራል። ድንበሩም ተዘግቶ የተከፈተበት፥ ተከፍቶም የተዘጋበት ጊዜ አለ። ዳዊቱ ግን አንድ ነው፤ ሰዓቱም አንድ ነው። በአክሱምና በአሥመራ፥ በጎንደርና በከረን፥ በሠርክ የሚቆመው ሰው የሚናገረው ያንኑ ቃል ነው። ነገሥታትና መንግሥታት ያላጸኑትን አንድነት ተራ ሰዎች በየቤታቸው ሲያጸኑት ኖረዋል። ይህ ሀብት በመጽሐፍ ብቻ ተጽፎ አይኖርም። በቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ ብራና ለተመራማሪ ይጠቅማል፤ ጸሎት ግን የሚኖረው ከአፍ ወደ አፍ፥ ከጕልበት ሥር ወዳለ ሕፃን ሲተላለፍ ነው። አንድ ትውልድ ካቋረጠው፥ ቀጣዩ የሚፈልገው ቢሆን እንኳ የሚያስተምረው አያገኝም።

በእንዳ ማርያም ደጅ ግንባሯን ከድንጋዩ ላይ የምታሳርፈው አሮጊት ያን ቃል ከእናቷ ተቀብላዋለች። የልጅ ልጇ ማንበብ ከእርሷ የበለጠ ያውቃል፤ ምን እንደምትል ግን ምናልባት ጠይቋት አያውቅም። የእርሷ ስፍራ ባዶ ከመሆኑ በፊት፥ ዛሬ ማታ ልጁ ከአጠገቧ ተቀምጦ አንድ መዝሙር ያንብብላት፤ እርሷም የሚሳሳተውን ታቅናለት።