መገናኛ ብዙኃን፤ ትርጉማቸውና ታሪካዊ ዕድገታቸው

መገናኛ ብዙኃን ሲባል ምን ማለት ነው? ጥያቄው በተነሣ ቁጥር ጋዜጣ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተብሎ ይመለሳል። ይህ መልስ መሣሪያዎቹን ይዘረዝራል እንጂ የነገሩን ምንነት አይገልጥም። በመሠረቱ መገናኛ ብዙኃን አንድ ኅብረተሰብ ስለ ራሱ ኑሮ የሚያውቅበት፣ የሚመካከርበትና ለጋራ ሥራ የሚነሣበት መንገድ ነው። ስለሆነም ዕድገቱን ለመረዳት ሁለት ጥያቄዎችን አጣምሮ መመርመር ያሻል። መሣሪያው ምን ያህል ሰው ዘንድ ይደርሳል? የሚነገረውንና የሚታፈነውን የሚወስነውስ ማን ነው?

ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን የገዥው ቃል ለሕዝቡ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። አዋጁ በገበያ ቀን ይታወጃል፤ ገበያተኛውም ሰምቶ ወደየመንደሩ ይዞት ይሄዳል። መንገዱ ግን ከላይ ወደ ታች የሚያወርድ እንጂ ከታች ወደ ላይ የሚያወጣ አልነበረም። ሕዝቡ ብሶቱን የሚያሰማው በአዝማሪ ቅኔና በእረኛ ዘፈን ነበር። «እረኛ ምን አለ?» የሚለው አባባል የቀረውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

በአፄ ምኒልክ ዘመን የወጣው «አእምሮ» ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይታደል ነበር። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም»፣ በ1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ተከተሉ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. የአቃቂ ሬዲዮ የኢትዮጵያን አቤቱታ ለዓለም አሰማ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። ከ24 ቅጂ ተነሥቶ በአየር ሞገድ አገርን እስከ ማዳረስ መድረስ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ዕድገት ጋር የባለቤትነቱ ጥያቄ አብሮ መልስ አላገኘም።

ለዚህ ከወሎ የበለጠ ምስክር አይገኝም። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ በወሎ ገበሬ ላይ ሲበረታ ጋዜጣም፣ ሬዲዮም፣ ቴሌቪዥንም ነበሩ፤ ሆኖም እውነቱ ተደበቀ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በለንደን ታየ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ትናንት የደበቀው መሣሪያ ዛሬ አጋለጠ። የተለወጠው መሣሪያው ሳይሆን መሣሪያውን የያዘው እጅ ነበር።

ይህ እጅም ቢሆን ትምህርቱን አልያዘም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር የቀለም ቴሌቪዥን ሥርጭት ተጀመረ፤ ጋዜጦቹም በበዓሉ ዜና ተሞሉ። በዚያው ወቅት ኮረም ላይ ሕፃናትና አረጋውያን በረሃብ ይረግፉ ነበር። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ዓለም ነገሩን ያየው በማይክል በርክ ዘገባና በመሐመድ አሚን ካሜራ አማካይነት በቢቢሲ ነው። ሥዕሉ ቀለም ሲያገኝ እውነቱ ግን ከስክሪኑ ውጭ ቀረ። ዝምታው በሁለቱም ጊዜ ያስከፈለው ዋጋ የሰው ሕይወት ነው፤ እርዳታ የሚነሣው ችግሩ ሲሰማ ነውና።

ዛሬ ወሬ በነጋሪት አይጠበቅም፤ በእጅ ስልክ በቅጽበት ይደርሳል። የመድረስ ጥያቄ በብዙ ቢቃለልም ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው፤ ሐሰተኛ ወሬም ተጨምሮበታል። ስለዚህ በየአካባቢው ማኅበርና በየፋብሪካው የምንገኝ ሁሉ ዜና ሲደርሰን «ይህን ማን ተናገረው? በምን ማስረጃ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ከዚህም በላይ «ያልተነገረው ምንድን ነው? ድምፁ ያልተሰማውስ ማን ነው?» ማለትን መልመድ አለብን። የኮረም እናት ድምፅ ከበዓሉ ሰልፍ እኩል ሊሰማ የማይችልበት መገናኛ ብዙኃን፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ገና ከነጋሪት ዘመን አልወጣም።