ድሪቶ እስከ መቼ የስድብ ቃል ሆኖ ይቆያል?

በአማርኛ የሒስ ልማድ አንድን ድርሰት ለማዋረድ ሲፈለግ «ድሪቶ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ቅንብር የጎደለው ንግግር «የቃላት ድሪቶ» ይባላል፤ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ጥናት ድሪቶ ይሰኛል። ይህን ስያሜ የሚሰጠው ሐያሲ ግን እውነተኛውን ድሪቶ በእጁ ይዞ፣ ገልብጦና ስፌቱን ተከትሎ የመረመረ አይመስልም። መርምሮት ቢሆን ኖሮ ቃሉን ለስድብ ሳይሆን ለሙገሳ ባዋለው ነበር።

ይኸው ቋንቋ በአዲስ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ለሚወጣው ባለ ቀለም ሽመና «ጥበብ» የሚል ስም ሰጥቶታል። ዕውቀትም ጥበብ ነው፤ ኪነትም ጥበብ ነው፤ የቀሚስ ጠርዝም ጥበብ ነው። ደረተ ከሚለው ግሥ የወጣው ድሪቶ ግን ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ተጥሏል። ታዲያ ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? ከሥራው ጥራት ነውን? አይደለም። አዲስ ጨርቅ መግዛት የቻለው ሰው ያሠራው ጥበብ ተባለ፤ መግዛት ያልቻለው ሰው ራሱ የሠራው ነውር ሆነ። ይህ የኑሮ ደረጃ ክፍፍል እንጂ የውበት መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ኩታበር ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ፣ አብዛኛው ምድሯ ደጋ የሆነ ወረዳ ናት። እስከ መካነ ሰላም አካባቢ በሚዘልቀው የደቡብ ወሎ ከፍተኛ ምድር ብርድ የሕዝቡ የቆየ ባለጋራ ነው። የደጋው ሰው ይህን ባለጋራ ከሚመክትባቸው ነገሮች አንደኛው ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራው ባናና ዝተት ነው፤ ሁለተኛው ካረጀ ልብስ የሚደረተው ድሪቶ ነው። የመጀመሪያው በባዛርና በኤግዚቢሽን ይታያል። ሁለተኛው እንግዳ ሲመጣ ከመደብ ላይ ተነሥቶ ይደበቃል።

የሚደበቀው ግን ምንድን ነው? ድሪቶ የምትሠራ ሴት ሥራዋን የምትጀምረው ከመርፌ አይደለም፤ ከቆጠራ ነው። በቤት ያለው ጨርቅ ሁሉ ወጥቶ ይዘረጋል፤ ከብርሃን ፊት ተይዞ የሳሳው ካልሳሳው ይለያል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ መካከሉ ቢያልቅ እንኳ ጫፉ ጥንካሬውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። የካኪ ሱሪ ጉልበቱና መቀመጫው ቢበሳም የባቱ ጨርቅ ገና ጤነኛ ነው። ሱፍ በሙቅ ውሃ ይኮማተራል፤ ናይሎን ግን አይኮማተርም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሰፋ ሰው ከአጠባ በኋላ የተጨማደደ ሥራ ይታቀፋል። ይህን ሁሉ ማወቅ የቁሳቁስ ዕውቀት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ከቆጠራው ቀጥሎ ስሌት ይመጣል። 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ደራርቦ የሚለበስ ድሪቶ የታሰበ እንደሆነ፣ ጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ሲከፋፈል በቁመት 8፣ በወርድ 6፣ በጠቅላላው 48 ቁራጭ ይጠይቃል። ለስፌት በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሲጨመር እያንዳንዱ ቁራጭ ጎኑ 28 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል። ከጋቢው 20፣ ከካኪው 18 ብቻ ቢወጣ 10 ይጎድላል። የፈጠራው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ቁራጩ ይነስን? ወይስ ጉድለቱ ባለቀው ቀሚስ ጥበብ ተሞልቶ መካከሉ ይድመቅ? ምኞቱ ጨርቁን ያዝዛል፤ ጨርቁም ምኞቱን መልሶ ያርመዋል። ሠዓሊ ከሸራው ጋር የሚያደርገው ክርክር ከዚህ በምን ይለያል?

«ድሪቶን ማወደስ ድህነትን ማወደስ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያየ አገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ኩታበር የጦርነት ግንባር ነበረች፤ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት ወር ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ቆዩ። ብርድ ልብስ መግዣ ያጣን ሰው «ድሪቶህ ውብ ነው» ብሎ መሸኘት ግፍ ነው። ሙሉ ልብስ ለሁሉም ይገባል። ነገር ግን ድህነት ጨርቁን ያሳንሳል እንጂ ቀዩን ከጥቁሩ አጠገብ አያኖርም። ያን የሚያኖረው የሰው አእምሮ ነው። ከድህነቱ ጋር አእምሮውንም አብሮ የሚንቅ ሰው ድሃውን ሁለት ጊዜ ይዘርፈዋል።

ይህ ንቀት በቃላት ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ ወደ ሥራ ዕቅድም ገብቷል። የእጅ ጥበብ ሥልጠና ሲታሰብ በመጀመሪያ የሚጻፈው የግዥ ዝርዝር ነው፦ አዲስ ጨርቅ፣ አዲስ ክር፣ አዲስ መኪና። በጀቱ ሲዘገይ «ግብዓት የለም» ተብሎ ሥራው ይቆማል፤ በልብስ ሰፊው ወለል ላይ ያለው ቁርጥራጭ ግን ተጠርጎ ይጣላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ያለውን ሳይቆጥር የሌለውን የሚያልም ዕቅድ ሕልም እንኳ ለመባል አይበቃም፤ ሕልም ቢያንስ ከታየ ነገር ይነሣል።

ከሩቅ አገር ምስክር ካስፈለገም አለ። በአሜሪካ አላባማ ጊስ ቤንድ በተባለች መንደር የባሪያዎች ዘር የሆኑ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የደረቷቸው አልጋ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ፤ በ2006 ደግሞ በአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተሙ። በቤንጋል ያረጀ ሳሪ ተደራርቦ እየተሰፋ ካንታ የሚባለው የታወቀ ጥበብ ወጥቶታል። እነዚህ ሥራዎች በሙዚየም ከመሰቀላቸው በፊትም ያው ነበሩ፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። የኢትዮጵያ ከያኒ የራሱን ድሪቶ ለማየት የባዕድ ሙዚየም እስኪፈቅድለት መጠበቅ አለበትን?

እንግዲህ ሥራው የሦስት ወገኖች ነው። የዕይታ ጥበባት መምህሩ ቀለምና ወረቀት እስኪመጣ ከሚጠብቅ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ቁራጭ ጨርቅ ይዘው እንዲመጡ ያድርግ፤ ቆጠራን፣ ስሌትንና የቀለም ቅንብርን በአንድ ትምህርት ያስተምርበታል። ከያኒው ወደ ደጋው ሲወጣ ባናውንና ዝተቱን ብቻ ሳይሆን የተደበቀውንም ያስወጣ፤ ለኤግዚቢሽን ሲያቀርበውም «የሕዝብ ሥራ» ብሎ እንዳያልፈው፤ የሠራችው ሴት ከፈቀደች ስሟን ከሥራዋ በታች ይጻፍ። ካድሬው ደግሞ የግዥ ዝርዝር ከመፈረሙ በፊት በእጅ ያለው ምን እንደሆነ ተቆጥሮ እንዲቀርብለት ይጠይቅ።

ሐያሲውም ምላሱን ይግታ። ከእንግዲህ አንድን የተዝረከረከ ድርሰት ድሪቶ ብሎ ሊጠራ ሲል ያ ድርሰት በእርግጥ እንደ ድሪቶ የተቆጠረ፣ የተለካና ከብርድ የሚያድን መሆኑን አስቀድሞ ይመርምር። ካልሆነ ሌላ ስም ይፈልግለት።