የደከመ ማግኔት ይታከማል እንጂ አይጣልም!

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን የተነሳው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ማግኔቱ የደከመ አሮጌ የምትሃት ዕቃ ምን ይደረግ? ገሚሱ «አውጥታችሁ ጣሉት፣ በአዲስ ተኩት፣ አለቀ!» አለ። ሌላው «ቅርስ ነው፣ እንዳትነኩት!» ብሎ ጮኸ። እኛ ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን። ይህንንም የምንለው ዳር ቆመን አይደለም። ራሳችን አጥፍተናልና ከግለ ሂስ እንጀምራለን።

ባለፈው ክረምት አንድ አዛውንት በወጣትነታቸው ከውጭ አገር ይዘውት የመጡትን የቁጥር ሳጥን አዋሱን። በሳጥኑ ውስጥ አሥር ትናንሽ የእንጨት ሰሌዳዎች አሉ፤ ከ0 እስከ 9 አንዳንድ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ተመልካቹ የፈለገውን ቁጥር ደርድሮ ክዳኑን ይዘጋል። ምትሃተኛው አንዲት መነጽር በክዳኑ ላይ አቁሞ ያይና የተደረደረውን ቁጥር አንድ በአንድ ይናገራል። ጉድ ነው! ምስጢሩ ግን ቀላል ነው። በየሰሌዳው ውስጥ ቀጭን የአረብ ብረት ማግኔት ተቀብሯል፤ የተቀበረበትም አቅጣጫ እንደ ቁጥሩ ይለያያል። በመነጽሩ ግርጌ የተደበቀችው የኮምፓስ መርፌ ያንን አቅጣጫ ተከትላ ትዞርና ከቁጥሩ ላይ ትቆማለች። ይህ ዘዴ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ፈረንሳዊው ጊዮ እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ ባሳተመው የፊዚክስና የሒሳብ ጨዋታዎች መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያሉ በማግኔት የሚሠሩ ጨዋታዎች በሰፊው ተገልጸዋል።

የእኛ ሳጥን ግን ደክሟል። መርፌዋ ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትዞርም። ታዲያ ምን አደረግን? ከተበላሸ የኮምፒዩተር ሀርድ ዲስክ ኒዮዲሚየም የተባለውን ብርቱ ማግኔት አወጣን፤ ሰባበርነው፤ ከሦስት ሰሌዳዎች ውስጥ የድሮውን ብረት በቢላ ፈልቅቀን አዲሱን በሙጫ ለጠፍን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ሁለቱን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ቷ! ብለው ተላተሙ፤ የአንዱ ጠርዝም ተሸረፈ። መርፌዋ ከሥሯ ያለውን ትታ ወደ ጎረቤቱ ታፈጥጥ ጀመር። 7 ቁጥር 2 ሆኖ ተነበበ። ለምን ቢሉ፣ ጫፉን ገልብጠን ቀብረነው ኖሯል፤ አሥር ቁጥሮች በክብ ሲደረደሩ ከ7 ፊት ለፊት ያለው 2 ነዋ!

አዛውንቱ ሳጥናቸውን ሲረከቡ አልተቆጡም። የተሸረፈችውን ሰሌዳ አገላብጠው አዩና «የድሮዎቹ ብረቶችስ የት አሉ ልጆቼ?» ብቻ አሉን። መልስ አልነበረንም። ከቆሻሻ ጋር ጥለናቸዋል።

እንግዲህ ክርክሩ ይህ ነው። «ይጣል» የሚሉት ወገኖች ዋና መከራከሪያ «ተመልካቹ የሚያየው ውጤቱን እንጂ ውስጡን አይደለም» የሚል ነው። እሺ፣ በውጤቱ እንመዝነው። የምትሃት ዕቃ የሚሠራው በጉልበት ሳይሆን በልክ ነው። ማግኔቱ ለመርፌዋ፣ መርፌዋ ለክዳኑ ውፍረት፣ ሁሉም ለምትሃተኛው እጅ ተለክተዋል። ከልኩ በላይ የሚጎትት ማግኔት ድምፅ ያሰማል፣ ጎረቤቱን ይስባል፣ ምስጢሩን ራሱ ያወጣል። ይህ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ደግሞስ ማን ሞተ አላቸው? የደከመ ማግኔት የሞተ ማግኔት አይደለም። ሲወድቅ፣ ሲቀጠቀጥ፣ ሲሞቅ፣ ተመሳሳይ ጫፎቹ ተፋጠው ሲቀመጡ በውስጡ የነበረው ሥርዓት ይዛባል፤ ብረቱ ግን ያው ብረት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሚቸል አረብ ብረትን በሌላ ማግኔት እየደባበሱ ማግኔት ስለ ማድረግ እ.ኤ.አ. በ1750 መጽሐፍ አሳትሟል። ይህ ማለት የጊዮ ሳጥን ከመታተሙ በፊት የደከመውን መልሶ ማበርታት የታወቀ ሙያ ነበር ማለት ነው። ክራር ቅኝቱ ሲላላ ይከረራል እንጂ ማን ይጥለዋል?

እዚህ ላይ አንድ ወዳጃችን «የመሲንቆ ጭራ ሲበጠስ ይቀየር የለም ወይ?» ብሎ ሞግቶናል። ይቀየራል! ግን በጭራ ይቀየራል፤ በቅኝቱም ይወጠራል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ወጥሮበት «ድምፁ ጎላ» የሚል አዝማሪ እስካሁን አላጋጠመንም።

ወደ ሁለተኛው ወገን እንምጣ። «አትንኩት» ባዮቹ አክባሪ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አክብሮታቸው ዕቃውን ዲዳ ያደርገዋል። ቁጥር የማያነብ የቁጥር ሳጥን ሣጥን ብቻ ነው። ሠሪው የሠራው እንዲሠራ ነው። በመስታወት ውስጥ አስቀምጦ አቧራውን መጥረግ ጥበቃ ከተባለ፣ የማይነበብ መጽሐፍ መቆለፍም ትምህርት ሊባል ነው!

«ለልጅ መጫወቻ ይህ ሁሉ ጩኸት?» የሚሉንም አሉ። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1856 ሮቤር ኡደን የተባለውን ምትሃተኛ ወደ አልጄሪያ ልኮት ነበር። ዓላማው በሕዝቡ ዘንድ የሚከበሩትን የሃይማኖት ሰዎች ተሰሚነት ማዳከም ነበር። እሱ ራሱ በማስታወሻው እንደተረከው፣ ከታች ብረት የተገጠመለትን ትንሽ ሣጥን አንድ ብርቱ ሰው እንዲያነሳ ጋበዘው፤ ከመድረኩ ሥር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ተደብቆ ነበርና ሰውየው ሣጥኑን ማንቀሳቀስ አቃተው። ተራኪው ባለ ጉዳዩ ስለሆነ ቃሉን በሙሉ አንውጥ። ዋናው ነገር ግን መጫወቻ የተባለው ዕቃ የቅኝ ገዢ መሣሪያም ሆኖ ማገልገሉ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ምስክር ነው። ውስጡን አውጥተን ስንጥል የምንጥለው የምስክሩን ቃል ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ማንኛውም ማግኔት ከመነካቱ በፊት ሰሜን ጫፉና ደቡብ ጫፉ በኮምፓስ ተለይቶ ምልክት ይደረግበት፣ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የድሮው ብረት በቦታው እንዳለ ይታከም። ብርቱው አዲስ ማግኔት ለዚህ ይጠቅማል፤ የአሮጌው ወራሽ ሳይሆን ሐኪሙ ይሁን! በአንድ ጫፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግሞ መደባበስ ነው። ግን ልብ በሉ፣ በሰሜን ጫፍ ሲደባበስ ብረቱ የመጨረሻውን ዳሰሳ ያገኘበት ጫፍ ደቡብ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ብረቱ ከነአካቴው ከጠፋ ወይም ከተሰበረ ምትክ ይግባ፤ ግን በአቅሙም በአቅጣጫውም የድሮውን ልክ የጠበቀ ይሁን።

አራተኛ፣ የወጣው አይጣል። በወረቀት ተጠቅልሎ፣ መቼና ለምን እንደወጣ ተጽፎበት ከሳጥኑ ጋር ይቀመጥ።

አዛውንቱን ይቅርታ ጠይቀን ሰባቱን ያልነካናቸውን ሰሌዳዎች በዚህ መንገድ፣ በስሱ እንጨት ላይ እየደባበስን አከምናቸው። መርፌዋ ዛሬ ትዞራለች። ሦስቱ ግን ልካቸውን የጠበቀ አረብ ብረት እስክናገኝ ባዶ ናቸው። በላያቸው ላይ «የድሮውን ብረት እኛ ጣልነው» ብለን ጽፈንባቸዋል። አዛውንቱ አንብበው ሳቁ፤ እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም።

ተቃዋሚ ካለ ይጻፍ። ግን ከመጻፉ በፊት ከመሳቢያው ውስጥ የጣለውን ይፈትሽ።