የኮሌጅ ትምህርትን ለፍጻሜ ማብቃት፡ ከኮተቤ እስከ እንጦጦ አናት

በከፍተኛ ትምህርት ዙሪያ ለዓመታት ሲነሳ የቆየው ጥያቄ በአብዛኛው ምን ያህል ተማሪ ወደ ተቋማቱ ገባ የሚል ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠው የመውጫ ፈተና ግን ጥያቄውን ስንቱ ለፍጻሜ በቃ ወደሚለው አዞረው። ፈተናውን ከወሰዱት 150 ሺህ 184 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 61 ሺህ 54 ናቸው። በመንግሥት ተቋማት 62 ነጥብ 37 በመቶ ሲያልፉ፣ በግል ተቋማት ያለፉት 17 ነጥብ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ89 ሺህ የሚበልጡ ወጣቶች በዚያ ዙር ዲግሪያቸውን ሳይጨብጡ ቀርተዋል። ፈተናውን ደግመው የመውሰድ ዕድል ቢኖራቸውም፣ ያለፈው ጊዜና ቤተሰብ ያወጣው ገንዘብ የሚመለስ አይደለም።

የችግሩ ሥር ከኮሌጅ በር በፊት ያለ ነው። በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ 188 ተማሪዎች የማለፊያ ነጥብ ያገኙት 27 ሺህ 267 ነበሩ። በ2017 ዓ.ም ያለፉት ወደ 8 ነጥብ 4 በመቶ ከፍ ማለታቸው የሚናቅ ባይሆንም፣ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አሁንም አላለፉም። ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት የአቅም ማሻሻያ ትምህርትም አሥራ ሁለት ዓመት የተጠራቀመውን ክፍተት በወራት ይሞላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከዚህ አኳያ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ልዩ ትኩረት ይሻል። ተቋሙ ለበርካታ አሥርት ዓመታት መምህራንን ሲያሠለጥን የኖረ ነው። ከዚያው የተራራ ሰንሰለት አናት፣ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ የሕዋ ምልከታና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያም እዚያው ነው። ፊዚክስን ከጥቁር ሰሌዳ ብቻ ለሚማር የአካባቢው ተማሪ ከዚህ የቀረበ ቤተ ሙከራ አይገኝለትም።

አዲስ ሐሳብ የሚሆነው እነዚህን ማገናኘት ነው። ዕጩ መምህራን የማስተማር ልምምዳቸውን ለውጤት መሙያ ብቻ ከማድረግ ይልቅ፣ በተራራው ግርጌ ባሉ ትምህርት ቤቶች ወደኋላ የቀሩ ተማሪዎችን ዓመቱን ሙሉ ቢያግዙ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ በመሸጥ የምትተዳደር እናት ለልጇ አስጠኚ የምትቀጥርበት ገንዘብ የላትም።

እንቅፋቱ የፍላጎት ማጣት አይመስልም። ትምህርት ቤቶቹ ለከተማዋ ትምህርት ቢሮ፣ ዩኒቨርሲቲው ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ማዕከሉ ደግሞ ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተጠሪዎች ናቸው። ኮተቤ በ2009 ዓ.ም ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የከተማዋ አስተዳደር ተቋም በነበረበት ወቅት ከትምህርት ቤቶቹ ጋር አንድ ባለቤት ነበራቸው። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ ግን ትብብሩ በስምምነት ሰነድ ላይ የሚመሠረት ነው። በሰነዱም ውስጥ ተማሪዎቹን ወደ ተራራው የሚያወጣው አውቶቡስና የዕጩ መምህራኑ አበል በማን በጀት እንደሚሸፈን በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።