«ሌዘር አለን»፦ የትኛው ሌዘር? ለየትኛው ቆዳ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቲማቲም ከሌዘር የበለጠ ይመረመራል። ቀልድ አይደለም። አትክልት ተራ ገብቶ አስቤዛ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። እናቶቻችን ቲማቲሙን ጨበጥ አድርገው ያዩታል፣ ሙዙ የአርባ ምንጭ መሆኑን ይጠይቃሉ፣ ሚዛኑ ላይ ዓይናቸውን ይተክላሉ፣ ካልጣማቸው ጥለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ገበያው በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሮ ፒያሳ ላይ ስሙ ብቻ ቀርቷል። የመጠየቅ ልማዱ ግን የሰው ነው፤ ከገበያው ጋር አብሮ መሄድ አልነበረበትም።

ዛሬ ፊቷን ለጨረር የምትሰጥ ሴት ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ነው?» የሚሰጣትም መልስ አንድ ነው፦ «ፓኬጅ አለን።» የማሽኑ ስም አይነሳም፤ የጨረሩ ዓይነት አይነሳም፤ ማሽኑን የሚይዘው ሰው ምን እንደተማረ አይነሳም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ጥፋቱ «ሌዘር» የሚባል አንድ ተአምር ያለ አስመስለው የሚሸጡት ሰዎችና ይህን እያዩ ዝም የሚሉት ተቆጣጣሪዎች ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። ሌዘር የአንድ ሕክምና ስም አይደለም። «መርፌ» እንደማለት ነው። ክሊኒክ ገብቶ «መርፌ ውጉኝ» የሚል ሰው «የምን መርፌ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ሌዘር ሥሩልኝ» የሚለውን ግን «የምን?» የሚለው የለም።

የዘመናዊው የቆዳ ሌዘር መርህ የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1983 አንደርሰንና ፓሪሽ ባሳተሙት ጥናት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቀለም የሚስበው የራሱ የብርሃን ሞገድ አለ። ትክክለኛውን ሞገድ ለትክክለኛው ቅጽበት ከለቀቅክበት፣ የተፈለገው ነገር ብቻ ይቃጠላል፤ ዙሪያው ይተርፋል። ፀጉር ለማስወገድ የሚፈለገው በፀጉሩ ሥር ያለው ሜላኒን ነው። የእኛ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ያው ሜላኒን ቆዳችንንም ያቀለመው ነው። ጨረሩ የፀጉርን ጥቁረት ከቆዳ ጥቁረት ለይቶ አያውቅም። የሚለይለት የማሽኑ ምርጫና የባለሙያው እጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቁጥር እንነጋገር። አሌክሳንድራይት የሚባለው ሌዘር ሞገዱ 755 ናኖሜትር ነው፤ ለነጣ ያለ ቆዳ ይመቻል፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የማቃጠል ዕድሉ ከፍ ይላል። ዳዮድ የሚባለው 810 አካባቢ ነው፤ በሠለጠነ እጅ፣ በጥንቃቄ ይሠራል። ኤንዲ ያግ 1064 ናኖሜትር ነው፤ ላይኛው ቆዳ ያለውን ሜላኒን ብዙ ሳይነካ ጠልቆ ስለሚገባ ለጠቆረ ቆዳ የተሻለ አስተማማኝ ተብሎ የሚመረጠው እሱ ነው። አይፒኤል የሚባለውስ? እሱ ጭራሽ ሌዘር አይደለም። ብዙ ሞገድ የተቀላቀለበት ብልጭታ ነው፤ ለጥቁር ቆዳ በጣም የሚያሰጋውም እሱ ነው። በአንድ «ሌዘር» በሚል ቃል ሥር አራቱም ሊሸጡልህ ይችላሉ።

አንድ ታሪክም ልጨምር። የቆዳን ዓይነት በቁጥር የሚከፍለውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት አሜሪካዊው ፊትዝፓትሪክ ናቸው። መጀመሪያ ሲወጣ የሚያውቀው የነጮችን ቆዳ ነበር፤ ከ1 እስከ 4። ቡናማና ጥቁር ቆዳ 5ኛና 6ኛ ተብለው የገቡት በኋላ ነው። አብዛኞቻችን ያለነው ከ4 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነው። ለሌላ ቆዳ የተስተካከለ ማሽን ገዝቶ፣ ቁጥሩን ሳይነኩ አራዳ ላይ መተኮስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አሁን ወደየችግሩ እንሂድ።

ማድያት። በእርግዝና፣ በወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንና በፀሐይ ለሚባባስ ማድያት ሌዘር የመጀመሪያ አማራጭ አይደለም። ሙቀቱ ራሱ ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ለሁለት ሳምንት ጠርቶ ጠቁሮ የሚመለስ ማድያት የተለመደ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው የፀሐይ መከላከያ ነው፣ ቀጥሎ ሐኪም ያዘዘው ቅባት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አደገኛ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም ማለት አይደለም። ሰንስክሪን ሳያነሳ ለማድያት ሌዘር የሚሸጥልሽ ሰው እያከመሽ ሳይሆን ደንበኛ እያደረገሽ ነው።

ብጉርና ጥሎት የሚሄደው ጥቁር ምልክት። ብጉሩ እየወጣ ምልክቱን በጨረር ማሳደድ ውኃው ሳይዘጋ ወለል እንደማድረቅ ነው። ቀድሞ ብጉሩ ይታከም። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ያልተመጠነ ጨረር ደግሞ አዲስ ቁስል ስለሆነ አዲስ ጥቁረት ይተክላል። የተቦረቦረ ጠባሳ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚሠራለት ሌዘር አለ፣ ግን በቆዳ ስፔሻሊስት እጅ።

የአገጭ ፀጉር። በሴት ላይ በድንገት የበዛ ፀጉር፣ በተለይ የወር አበባ ከተዛባ ጋር፣ የሆርሞን ምልክት ሊሆን ይችላል። ከሌዘሩ በፊት ምርመራ ይቅደም። ሲሠራም ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት እየተራራቀ ብዙ ዙር ይፈልጋል፤ ነጭ ፀጉር ላይ አይሠራም። «ለዘላለም ይጠፋል» የሚለው ቃል ውሸት ነው። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ እንኳን ለአምራቾቹ የፈቀደው «ዘላቂ ቅነሳ» የሚለውን እንጂ «ማጥፋት» የሚለውን አይደለም።

ንቅሳት። ይሄ የእኛው ነው። አንገቷንና ግንባሯን በልጅነቷ የተነቀሰች፣ ከተማ ገብታ ሥራ ስትፈልግ «አጥፊው» የምትባል ሴት ስንት ናት? ንቅሳቷ ክብሯ ነው ብላ ብታቆየው መብቷ ነው፤ ላጥፋው ብትልም መብቷ ነው። የባህላዊው ንቅሳት ቀለም በዋናነት ከጥላሸት የመጣ ስለሆነ ለሌዘር ይመቻል፤ ግን ለትክክለኛው። የሚያስፈልገው ኪው ስዊችድ የሚባለው፣ በሰከንድ ቢሊዮንኛ የሚለካ ቅጽበት የሚተኩሰው ኤንዲ ያግ በ1064 ሞገድ ነው። ዙሮቹ ብዙ ናቸው፣ በመሀላቸውም ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ለፀጉር በተሠራ ማሽን ወይም በአይፒኤል ንቅሳትን መተኮስ ግን ቀለሙን ከሥጋው ጋር መቀቀል ነው። የሚተርፈው ጠባሳ ከንቅሳቱ ይብሳል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጠባሳው የሚያብጥ፣ ኬሎይድ የሚወጣበት ሰው ለማንኛውም ጨረር ከመቀመጡ በፊት ይናገር። ምንነቱ ያልታወቀ፣ ቅርጹን የሚቀይር ጥቁር ነጥብም ሐኪም ሳያየው በሌዘር አይነካ፤ ካንሰር ከሆነ ማስረጃውን ማጥፋት ነውና።

«ይሄ ሁሉ የሀብታም ወሬ ነው፣ አገር በኑሮ ውድነት እየተናጠ» የሚል ይኖራል። አይደለም። ሀብታሟ ዱባይ ትሄዳለች። እቁቧን አጠራቅማ፣ ከደመወዟ ቆጥባ የምትመጣዋ የባንክ ሠራተኛ፣ ሻጭ፣ አስተናጋጅ ናት። ፊቷ የሥራ ማመልከቻዋ የሆነባት እሷ ናት፤ ሲበላሽም የምታሳክምበት የሌላት እሷው ናት።

«ስፔሻሊስት ጥቂት ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው» የሚለው ክርክር የተሻለ ነው። እውነት ነው። በ1958 ዓ.ም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት ዛሬም የቆዳ ሕሙማን ከየአቅጣጫው የሚጎርፉበት ሆስፒታል ነው። ግን የሐኪም እጥረት ላልሠለጠነ ሰው ፈቃድ አይሆንም። የሹፌር እጥረት አለ ብለን መንጃ ፈቃድ ለሌለው አውቶቡስ አንሰጥም። ሌላው ዓለም ይህን መንገድ ሞክሮታል። አሜሪካ ውስጥ በቆዳ ሌዘር ጉዳት የተነሱ ክሶች ሲጠኑ፣ ሐኪም ባልሆነ ሰው እጅ የደረሱት ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2008 ከነበረበት 36 በመቶ ገደማ በ2011 ወደ 78 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ያ ጠበቃና መድን ባለበት አገር ነው። እዚህ የተቃጠለችው ሻሽ አስራ ቤቷ ትቀመጣለች።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ስላወረደ፣ ሲጋራንም ከሆቴል ስላስወጣ ነው። ያው አዋጅ ግን የሕክምና መሣሪያንና የመዋቢያ ምርትንም ይገዛል። የቢራ ማስታወቂያን ማውረድ የቻለ መንግሥት «በአንድ ቀን ነጭ ቆዳ» የሚለውን የቲክቶክ ማስታወቂያ ለማስቆም አቅም አነሰው? አንድን ግዙፍ የአትክልት ገበያ ለሕዝብ ጤና ብሎ በአጭር ጊዜ ከፒያሳ ያነሳ አስተዳደር፣ በሳሎን በር ላይ አንድ ወረቀት ማስለጠፍ ያቅተዋል?

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንድ፣ ሌዘር የሚሰጥ ቤት ሁሉ የማሽኑን ስም፣ ዓይነትና የሞገድ ቁጥር በአማርኛ በግልጽ ይለጥፍ። ሁለት፣ የሚተኩሰው ሰው የሙያ ፈቃድ ፎቶው ተለጥፎበት ግድግዳ ላይ ይታይ፤ የሳሎን የንግድ ፈቃድ የሕክምና ፈቃድ አይደለም። ሦስት፣ አቤቱታ የሚቀበል የተቆጣጣሪ ስልክ ከዋጋ ዝርዝሩ ጎን ይጻፍ።

ይህ እስኪሆን ድረስ አንባቢ ሆይ፣ ብር ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ፦ ማሽኑ ማን ይባላል? ሞገዱ ስንት ነው? እንደ እኔ ያለ ቆዳ ላይ ስንት ጊዜ ሠርታችኋል? መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክራችሁ ቀናት ትጠብቃላችሁ? የዓይን መከላከያ አለ? ብቃጠል የሚያክመኝ ማነው? ለአንዱ እንኳን «አታስቢ፣ እኛ እናውቃለን» ከተባልሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።