ሽማግሌው ለምን እንደሚያልበው ንገሩት

በጉና ብርድ ጋቢውን አውልቆ የሚጥል የጋይንት ሽማግሌ ብታዩ «ምች መታው» ለማለት አትቸኩሉ። የፕሮስቴት ካንሰር ታካሚ ሊሆን ይችላል። ካንሰሩን የሚመግበው የወንድ ሆርሞን በመርፌ ወይም ቆለጥ በማውጣት ሲጠፋ፣ ሴቶች ሲያርጡ እንደሚያገኛቸው ያለ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ይመጣል። አብዛኞቹን ታካሚዎች ያገኛቸዋል።

ይህን ሳይነግሩት የሸኙት የእስቴና የስማዳ ሰው ዋግምት ቢያስይዝ ምን ይገርማል?

አኩፓንክቸር ፍቱን ነው የሚሉንም አሉ። መርፌውን አንንቅም። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ22 ወንዶች 12ቱ ሙቀቱ ከግማሽ በላይ ቀንሶላቸዋል። ግን ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ሙቀቱ ደግሞ በተስፋ ብቻም ይቀንሳል። በዚያው ዓመት የወጣው የፈረንሳዮች ጥናት 311 ወንዶችን በዕጣ ከፍሎ ሦስት መድኃኒት አወዳደረ። ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የተባለው ክኒን ሙቀቱን ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰው።

ይህን መድኃኒት እናውቀዋለን! ጤና ኬላ ለሴቶች የሚወጋው የሦስት ወር መርፌ፣ ዴፖ የምንለው፣ ከዚሁ ንጥረ ነገር የተሠራ ነው። የቻይና መርፌ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ከመሄድ በፊት ይህ ይጠየቅ እንላለን። ለካንሰር ታካሚ የሚስማማው ስንት፣ በምን መልክ፣ ለማን እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን፤ ሆርሞን ስለሆነ ቀልድ የለውም። ሽማግሌው ግን ከደብረ ታቦር ሲመለስ ላቡ ከየት እንደመጣ ሰምቶ ይመለስ።